የእናቴ ጣት እሳቱን ቻለው ወይስ አልተሰማውም?

ይኼን የኢንተርኔት ውይይት (ክር እንለዋለን) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አክንባሎውን ስታነሳው እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። እሷ ግን የእንጀራውን ጠርዝ በጣቶቿ ብድግ አድርጋ ሰፌዱን ከሥሩ ሰደደች። ጨርቅ አልያዘችም። ፊቷም አልተለወጠም። እኔ እንደሷ ላነሳ ብዬ ገና ስነካው እጄን መንጭቄ መለስኩ። ከሰዓት ደግሞ ያቺው እናቴ ቴሌቪዥን እያየች ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ድራማው ላይ ነው። ጣቷ ግን ከምስር የማትበልጥ ጠጠር ለይታ ታወጣለች።

ጥያቄዬ ይኼው ነበር። እሳት የማይሰማው ጣት ጠጠሯ እንዴት ትሰማዋለች? መጨረሻ ላይም የእናቴ እጅ እሳት ይችላል ብዬ በኩራት ጻፍኩ። ይቺን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ። ኋላ ብዙ አነጋግራለች።

26 ምላሾች መጡ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉን ማንበብ ስለከበዳቸው እስቲ አሳጥሪልን አሉኝ። ተራ ቁጥሩን ጠብቄ በራሴ አንደበት እነግራችኋለሁ። አንዳንዱ ጋ ረዘም እላለሁ፤ ስለሚገባው ነው።

ምላሽ 1 ከባሕር ዳር የጻፈ ወጣት ነው። ለእናቴ ሰላምታ አስቀደመ። ለዓመታት ምጣድ ላይ የዋለ ጣት ቆዳው ይደነድናል፣ ደንዳና ቆዳ ደግሞ እንደ ጓንት ያገለግላል የሚል ነበር ሐሳቡ። አጭርና ትሁት ምላሽ ነው።

ምላሽ 2 የአንዲት ነርስ ነው። ወጣቱ ግማሹን አግኝቶታል ብላ ጀመረችና ሌላውን ግማሽ ሞላችው። ክሩን የተሸከመው የእሷ ጽሑፍ ነው ብል አላጋነንኩም። ንክኪ የምንለው አንድ ነገር አይደለም አለች። በጣታችን ቆዳ ውስጥ አራት ዓይነት ንክኪ ተቀባዮች አሉ። ስማቸው የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባጠኗቸው ሰዎች ነው። የሜርክል የሚባሉት ጠርዝና ሸካራነትን ያነባሉ። የማይስነር የሚባሉት ስኒ ከእጃችን ሊያመልጥ ትንሽ ሸርተት ሲል ይነቃሉ። የፓቺኒ የሚባሉት ጠለቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ ንዝረት ያዳምጣሉ። በተለይ በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ የሚርገበገብ ነገር አያመልጣቸውም። የሩፊኒ የሚባሉት የቆዳን መወጠር ይከታተላሉ። በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ብቻ ወደ 17,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ የነርቭ ክሮች ይገኛሉ። ሙቀትና ሕመም ግን ከእነዚህ ውስጥ የሉም። እነሱን የሚያነሱት ምንም ሽፋን የሌላቸው፣ እርቃናቸውን የቀሩ የነርቭ ጫፎች ናቸው። ስለዚህ ጠጠሯና እሳቱ አንድ ጣት ላይ ቢገናኙም የሚሄዱበት መስመር ለየቅል ነው።

መንገዱንም ተርካዋለች። የጠጠሯ ወሬ ወፍራም ሽፋን ባለው ነርቭ በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይከንፋል። የሚያቃጥለው፣ የሚቆየው ሕመም ግን ሽፋን በሌለው ቀጭን ነርቭ በሰከንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ ያዘግማል። የሰው እርምጃ ማለት ነው። የንክኪው መስመር ህብለ ሰረሰር ውስጥ ከገባ በኋላ በገባበት ጎን ወደ ላይ ይወጣል። አንጎል ግርጌ ሲደርስ ነው ወደ ሌላው ጎን የሚሻገረው። የሙቀትና የሕመሙ መስመር ግን እዚያው ከገባበት አካባቢ ይሻገራል። በዚህ የተነሳ የህብለ ሰረሰሩ አንድ ጎን ብቻ የተጎዳ ሰው በአንዱ እግሩ ንክኪ ሲያጣ፣ በሌላው እግሩ ሙቀትና ሕመም ያጣል። ይኼን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ሁለቱን እግሮቼን አየኋቸው። አንድ የእግር ጣት ላይ የሚጀምር የንክኪ ነርቭ ያለ አንዳች ቅብብሎሽ እስከ አንጎል ግርጌ ይዘልቃል። አንዲት ሕዋስ፣ ከአንድ ሜትር በላይ!

ምላሽ 3 ይኼንኑ በራሱ ላይ እንዳየው ጻፈ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሲሄድ የአልጋው እግር ትንሿን ጣቱን መታው። መጀመሪያ ስል ነገር ወጋው። ቀጥሎ አፍታ ዝም አለ። ዋናው ሕመም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ የተናገረችው የፍጥነት ልዩነት ማለት ይኼ መሆኑ ገባው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስጋጭ አስተውዬ እጠብቃለሁ። በእርግጥም ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ምላሽ 4 የሥነ ሕይወት መምህር ነው። የእኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰልኝ እሱ ነው። ግፊት በደንዳና ቆዳ ውስጥ ወዲያው ያልፋል፤ ሙቀት ግን ጊዜ ይፈልጋል። እናቴ ጠርዙን የምትነካው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሙቀቱ ደንዳናውን ቆዳ ዘልቆ እርቃኑን ነርቭ ሳያገኘው ጣቷ ተነስቷል። ጠጠሯን ግን ጫን ትላታለች፤ ጫናው እዚያው በዚያው ይደርሳል። እጄን መንጭቄ መመለሴንም አስረዳኝ። ትእዛዙን የሰጠው ህብለ ሰረሰሬ ነው። አንጎሌ ወሬውን የሰማው እጄ ከተነሳ በኋላ ነው።

ምላሽ 5 ወደ ሚጥሚጣ ወሰደን። ሚጥሚጣ ስትወቅጥ ውላ እጇ ማታ እስኪተኛ ድረስ እንደነደደባት፣ በውሃ ብትታጠብ ብትታጠብ እንዳልለቀቃት ጻፈች። እጇ ግን ቢነካ ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? መምህሩ ተመልሶ መጣ። በቃሪያና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀት የሚያነሳውን የነርቭ በር ራሱን ይከፍተዋል። ያ በር ትሪፕ ቪ 1 ይባላል። በተፈጥሮው የሚከፈተው ወደ 43 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አንጎል በሩን ማን እንደከፈተው የሚያይበት መንገድ የለውም። በሩ ከተከፈተ እሳት ነው ይላል። ይኼን በር ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዩት። አርደም ፓታፑቲያን ደግሞ በ2010 ግፊት የሚከፍታቸውን በሮች፣ ፓይዞ የተባሉትን አገኘ። ሁለቱ በ2021 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። ለእህታችንም ምክር ሰጣት። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። መጀመሪያ ዘይት መቀባት፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው እናቶቻችን ያለ ኖቤል ሲጋግሩ መኖራቸውን አስታወሰን። ልማድና ጥንካሬ የሆነውን ነገር በሽቦና በበር መተርጎም የእናቶችን ክብር መቀነስ ነው ሲል ተቆጣ። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ይመስለኛል። ግን አልተስማማሁም። የእናቴ ጣት እንዴት እንደሚሠራ ማወቄ እጇን ከበፊቱ ይልቅ እንዳከብረው ነው ያደረገኝ።

7፣ 8 እና 9 ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ናቸው። የእንጨቱ ምጣድ ዓይን ያወጣል፣ የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ ያስሮጣል። አንዷ የምጣዷ ሽቦ በወር ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባት የሠሪ ያለህ ብላለች። እዚህ ላይ አልቆይም።

ምላሽ 10 የመለሰን ባልጠበቅኩት በኩል ነው። በአማርኛ ድምፅም ይሰማል፣ ብርድም ይሰማል፣ ሐዘንም ይሰማል። ለምን በአንድ ቃል? ጸሐፊዋ ነርሷ ስለ ፓቺኒ ያለችውን አነሳች። ንዝረት የሚያነሳ ቆዳ ከጆሮ በምን ይለያል? ከበሮ ሲመታ ደረታችን ላይ የሚሰማን በጆሮ ነው ወይስ በቆዳ? ምላሽ 11 ላይ አንድ አዛውንት ገብተው አስተካከሏት። በግዕዝ ሰምዐ የጆሮ ነው፣ የእጁ ገሠሠ ነው፤ አማርኛም ዳሰሰ የሚል የራሱ ቃል አለው። ግን እሳቸውም ቢሆኑ የሚገርም ነገር ጨመሩ። አምስቱ ሕዋሳት ሲባል የነበረው ቃል ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ሴል ለሚባለውም ሆኗል። ለእኔ ደስ ያለኝ ይኼ ነው። በአንድ ሕዋስ ስለሚጀምር ሕዋስ ነው የምናወራው።

ምላሽ 12ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ብሬይል፣ ማለትም ዓይነ ሥውራን በጣት የሚያነቡትን የነጠብጣብ ጽሑፍ፣ የሚያስተምሩ ዓይነ ሥውር መምህር ናቸው። የብሬይል ነጥቦች በ2.5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የጣት ጫፍ ሁለት ነጥቦችን ሁለት ብሎ የሚለየው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሲራራቁ ነው። ሁለቱ የተገጣጠሙ ናቸው ማለት ነው። ጀርባችን ግን ሁለቱን ነጥቦች ለመለየት 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ይፈልጋል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኤርንስት ቬበር ይኼን እ.ኤ.አ. በ1834 በኮምፓስ ጫፍ እየነካ ለክቶታል። እሳቸው በሁለት ስቴኪኒ ሞክሩት አሉን። እኔ ወንድሜን ጀርባው ላይ ሞከርኩት። ሁለቱን ሦስት ጣት ያህል አራርቄ ስወጋው አንድ ነው ብሎ ማለ። የምክንያቱን ግማሽ አንጎል ላይ እናገኘዋለን። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዊልደር ፔንፊልድ በሞንትሪያል የነቁ ሕመምተኞችን አንጎል በቀጭን የኤሌክትሪክ ጫፍ እየነካ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቅ ነበር። በ1937 ባሳተመው ካርታ ከንፈርና ጣት የያዙት ቦታ ከጀርባ እጅግ ይሰፋል። መምህሩ አንድ የራሳቸውን ነገር አከሉ። ከመቶ ተማሪ መካከል በብሬይል አዲስ የጀመረውን በአጫጫኑ ያውቁታል። አዲሱ ነጥቡን ይጫናል፤ የለመደው ጣቱን አስነክቶ ያንሸራትታል። ንክኪ የሚነበበው በእንቅስቃሴ ነውና።

ምላሽ 13 ሸካራ ነበር። መምህሩ በስተመጨረሻ ዓይነ ሥውራን ብሬይል ሲያነቡ የማየት ሥራ የነበረው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ጽፈው ነበር። ይኼኛው ተረት ነው ብሎ ጣለው። አነጋገሩ ለአንድ መምህር አይገባም ነበር። ምላሽ 14 ላይ ነርሷ በጨዋ ቋንቋ መለሰችለት። ነገሩ በአንጎል ምስል ታይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ነው። የማየቱ ክፍል ብርሃን ካልመጣለት ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ተቃዋሚው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 15 ከጎተንበርግ፣ ስዊድን ነው። እዚያ የምትኖር የአራስ ልጅ እናት ናት። ለዝግታ መዳበስ ብቻ የተሠሩ ነርቮች እንዳሉ ጻፈች። በዚያችው በምትኖርባት ከተማ ብዙ ተጠንተዋል። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሲዳበሱ ይበልጥ ይነቃሉ። ከዚያ ቢፈጥንም ቢዘገይም ይቀንሳሉ። የሚገኙት በተለይ ፀጉር ባለው ቆዳ ላይ ነው። የምን ዕቃ እንደተነካን ሳይሆን መነካታችን ደስ እንዳለን ይናገራሉ። እሷ የመጣችበት ሌላ መንገድ ግን አለ። ልጇን ስትወልድ እናቷ ከጎንደር መጥተው ሕፃኑን በቅቤ ያሹት ነበር። ቸኩላ ብታሸው አለቀሰ። እናቷ እጇን ይዘው አዘገሙት። ልጁ ዝም አለ። ስንት ሴንቲሜትር በሰከንድ እንደሆነ እናቷ አልለኩም። ልኩን ግን በእጃቸው ያውቁታል።

16 ላይ አንዱ ስለ ሴት አያቱ ጻፈ። 17 ደግሞ ሲጋጨን ለምን እንደምናሸው ጠየቀ። መምህሩ መለሰ። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ ፈጣኑ የንክኪ ነርቭ ህብለ ሰረሰር ላይ ደርሶ ለዘገምተኛው ሕመም መግቢያውን ያጠብበታል። እናት የወደቀ ልጇን ጉልበት አሻሽታ እፍ ስትልለት ማባበል ብቻ አይደለም የምታደርገው።

ምላሽ 18 የመጣው ሌሊት ነው። ሁላችንንም ወቀሰችን፤ ከሁሉ በላይ እኔን። የእናቴ እጅ እሳት ይችላል ያልኩትን ቃል አንስታ ያሳደጓት አባቷም እንዲሁ ይባሉ እንደነበር ጻፈች። ስኳር ነበረባቸው። አንድ ብርዳማ ማታ እግራቸውን ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ዘርግተው ወሬ ያወሩ ነበር። የተቃጠለ ነገር የሸተታት እሷን ነው። አባቷ ግን ወሬያቸውን እንደቀጠሉ ነበሩ። ውስጥ እግራቸው ተቃጥሎ ቀይ ሆኗል። አንዲትም ነገር አልተሰማቸውም። መቻልና አለመሰማት ሁለት ናቸው አለች። የቻለ ሰው እሳቱን ያውቀዋል። ያልተሰማው ግን አያውቀውም። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ጀግና ይመስላሉ።

ካነበብኩት በኋላ ብዙ ሰዓት ምንም አልጻፍኩም። ልክ ነበረች። እናቴ ይሰማት አይሰማት ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ምላሽ 19 ነገሩ መካበድ የለበትም፣ ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ይደነዝዛል አለ። ምላሽ 20 ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ጠንከር ብለው መለሱለት። እሳቸው አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረዋል። የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው እዚያ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ፣ ሃንሰን በ1873 ያገኘው፣ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይስማማዋል። ሕመምተኛው ሙቀትና ቀላል ንክኪ ያጣል። ከዚያ ትኩስ ጀበና ይይዛል፣ ሚስማር ይረግጣል፣ አያውቅም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይጎዳል። ጣት የሚያጥረው በዚህ መንገድ ነው እንጂ በሽታው ጣት ቆርጦ አይጥልም። ፖል ብራንድ የተባለው ሐኪም ሕንድ ውስጥ ቬሎር ሲሠራ ይኼን ደጋግሞ አሳይቷል። ሕመም እንደ ዘበኛ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ቤቱ ክፍት ይቀራል የሚለው የእሳቸው የጡረተኛው አባባል ነው።

ምላሽ 21 ላይ አንዱ ሕሙማኑን በዚያ በድሮ የስድብ ቃል ጠራቸው። አልደግመውም። ምላሽ 22 የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። በንዴት ጻፈ፤ ሁላችንም ዝም ብለን አነበብነው። እናቱ በልጅነቷ ታማ ዳነች፣ ልጆች ወለደች፣ አሳደገች። በዚያ ቃል ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራ ኖረች። ጣቷ የማይሰማት ነገር ብዙ ነው፤ ያ ቃል ግን ይሰማታል። የ21ኛው ጸሐፊ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጽሑፉንም አነሳው። ቁጥሩ ባዶውን ቀርቷል።

ምላሽ 23 ነርሷ ናት። ሰው ሁሉ ደንግጦ ስለነበር ቀለል አድርጋ አስረዳች። ስኳር መጀመሪያ የሚጎዳው ረጃጅሞቹን ነርቮች ነው። ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምርና እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል። ጤና ተቋም ውስጥ ሲጎብጥ 10 ግራም የሚጫን ናይለን ክር አለ፤ ውስጥ እግርን በዚያ እየነኩ ይመረምራሉ። ቤት ውስጥ ግን ዓይን አስጨፍኖ የእግር ጣቶችን ጫፍ በጣት ለስለስ አድርጎ መንካትና መጠየቅ ይቻላል። ያልተሰማ ካለ ቤት መቀመጥ የለም፣ መታየት ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ምድጃ ዳር መዘርጋት የለበትም። በየማታው ውስጥ እግርን ማየት፣ ጫማን ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ ይገባል።

ምላሽ 24 ከአንድ የታክሲ ሹፌር ነው። ሦስት መስመር ብቻ ናት። ባለቤቱ ስትነካው በግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ላይ መነካቱን አላወቀም። ፔዳል የሚረግጥበት እግር ስለሆነ ወዲያው አሰበበት። ሰኞ ደሙን ሊታይ ነው። ነርሷ ከሥሩ አድራሻውን በግል እንዲልክላት ጠየቀችው። 25 ላይ ያ የባሕር ዳር ወጣት ተመልሶ አበረታታው።

ምላሽ 26 እኔን ጠየቀ። እናትሽስ ምን አለች?

ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና እግሯን ዘረጋች። አሥሩንም ጣት ነካሁ። ትንሿ ጣት ጋ ስደርስ ኮርኩሬያት እየሳቀች እግሯን ሰበሰበች። ቀጥዬ ስለ ምጣዱ ጠየቅኳት። ይሰማኛል እንጂ፣ ግን አላቆይበትም አለችኝ። ያን ዕለት የእህቴን ልጅ ልናጥብ ነበር። ውሃውን ሳፋ ውስጥ ቀላቀለች። ጣቷን አልነከረችም። እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን አስገባች። ለምን በክርንሽ አልኳት። ጣቷ ሙቀት እየለመደ ስለመጣ እንደማታምነው፣ በክርን መለካቱንም እህቴን ስትወልድ እናቷ እንዳሳየቻት ነገረችኝ። ከዚያ ውሃው ለልጁ ይፋጃል ብላ ቀዝቃዛ እንድጨምር ጆጉን ሰጠችኝ።